ብዙ ሰው፣ ብዙ ውሃ፦ ስለ እንግሊዝኛ ስሞችና መጠን ገላጮች የተከፈተ ክር

መክፈቻ

ይህን ክር፣ ማለትም በኢንተርኔት መድረካችን ላይ በአንድ ርዕስ የምንጻጻፍበትን ውይይት፣ የከፈትሁት እኔ ነኝ። በድሬዳዋ ሳቢያን አካባቢ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። መነሻ የሆነችኝ አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ናት፤ ፈቃዷን ጠይቄ ነው የምጽፈው። በአንድ የትራንዚት ድርጅት ስምንት ወር ሠርታ ወደ ሌላ ድርጅት ስታመለክት በደብዳቤዋ ላይ ‹አይ ሃቭ ሊትል ኤክስፒሪየንስ› ብላ ጻፈች። ልትል የፈለገችው ጥቂት ልምድ አለኝ ነበር፤ የጻፈችው ግን ልምድ የለኝም ከማለት የማይርቅ ነው። ቃለ መጠይቅ ያደረገላት ሰው ልምድ ከሌለሽ ለምን አመለከትሽ ብሎ ሲጠይቃት፣ ጥያቄው ከየት እንደመጣ ስላልገባት ዝም አለች። ሥራውም አለፋት።

ይህ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ቀይ እስክሪብቶ የሚያሰምርበት ስሕተት የለም። ‹ኤክስፒሪየንስ› የማይቆጠር ስም ነው፤ ስለዚህ ‹ፊው› ሳይሆን ‹ሊትል› ይገባዋል፤ እርሷም ያንኑ ነው የጻፈችው፤ እኔ ያስተማርኋትን። የጎደለችው ከ‹ሊትል› በፊት የምትገባው ‹ኤ› ብቻ ናት። እኛ አስተማሪዎች ከዓመት ዓመት የምናስጠናው የሚቆጠሩና የማይቆጠሩ ስሞችን ዝርዝር ነው፤ ‹አድቫይስ›፣ ‹ኢንፎርሜሽን›፣ ‹ፈርኒቸር›፣ ‹ሆምወርክ› እያልን። ተማሪው ዝርዝሩን ሸምድዶ ፈተናውን ያልፋል፤ የሚጽፈው ነገር ምን እንደሚል ግን አያውቅም። የአማርኛው ‹ብዙ› ለሰውም ለውሃም ያገለግላል፤ ‹ስንት› ሰውንም ዋጋንም ይጠይቃል፤ ‹ጥቂት›ም እንዲሁ ነው። እንግሊዝኛ ግን እያንዳንዱን ለሁለት ይከፍለዋል፦ ለሚቆጠረው ‹ሜኒ› እና ‹ፊው›፣ ለማይቆጠረው ‹ማች› እና ‹ሊትል›። ስለዚህ ችግሩ ከዝርዝሩ ሳይሆን ከዚህ ክፍፍል ይጀምራል ብዬ አምናለሁ። እናንተ እንዴት ተማራችሁት፣ እንዴትስ ታስተምሩታላችሁ ብዬ ጠየቅሁ።

በሦስት ቀን ውስጥ 21 መልሶች መጡ። ዘግይተው ለሚገቡ እንዲቀል በቁጥራቸው ቅደም ተከተል በራሴ ቃል አስፍሬአቸዋለሁ፤ አንዳንዶቹን በአንድ መስመር አልፌአለሁ፤ በአንዳንዶቹ ላይ ግን መቆየት አስፈልጎኛል።

1ኛ መልስ። ሐረር ጀጎል ውስጥ የምትኖር አስተማሪ ናት የጻፈችው። ሐሳቤን ከደገፈች በኋላ እኔ ያላየሁትን አሳየችኝ። አማርኛ ‹ሊትል›ን ከ‹ኤ ሊትል›፣ ‹ፊው›ንም ከ‹ኤ ፊው› የሚለይበት መንገድ አለው፤ መንገዱ ግን በቃሉ ሳይሆን በቦታው ነው። ጥቂት ጓደኞች አሉኝ የሚል ሰው መኖራቸውን እየነገረን ነው፤ ያሉኝ ጓደኞች ጥቂት ናቸው የሚል ሰው ደግሞ ማነሳቸውን እየነገረን ነው። የመጀመሪያው ‹ኤ ፊው› ነው፤ ሁለተኛው ‹ፊው› ነው። ክፍል ውስጥ ባዶ ቦታ ሙሉ ከማለቷ በፊት ተናጋሪው ባለው ደስ ብሎታል ወይስ አንሶኛል እያለ ነው ብላ በአማርኛ እንደምትጠይቅ፣ ተማሪዎቹ ለዚህ ከመለሱ በኋላ በምርጫው እንደማይሳሳቱ ነገረችን። ይህን መልስ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ተማሪዬን በዚህ መንገድ ጠይቄያት ቢሆን ኖሮ ደብዳቤዋን ራሷ ታርመው ነበር።

2ኛ መልስ። በድሬዳዋው ታይዋን ገበያ ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ ከትምህርት ቤት ጀምሮ ያልተፈታለትን ጥያቄ አነሣ። ‹መኒ› የማይቆጠር ስም ነው መባሉ አልገባውም፤ እርሱ በየምሽቱ ሱቁን ዘግቶ የሚሠራው ገንዘብ መቁጠር ነውና።

3ኛ መልስ። ይህ መልስ አጭር ነበር፤ ጉዳዩን ግን ዘጋው። ነጋዴው የሚቆጥረው ብር ነው፤ ገንዘብ አይደለም። በአማርኛም ሦስት ብር እንላለን እንጂ ሦስት ገንዘብ አንልም። ‹ሃው ማች መኒ› ሲባል የሚጠየቀው የድምሩ ልክ ነው፤ ‹ሜኒ›ን የሚቀበሉት ኖቱና ሳንቲሙ ናቸው። መላሹ አንድ ነገር ጨመረ፦ ‹ብር› በእንግሊዝኛ ሲጻፍ 1 ቢሆን 100 ቢሆን በተለመደው አጻጻፍ የብዙ ቁጥር ምልክቱ ‹ኤስ› አይጨመርበትም። እኔ ከዚህ መልስ የወሰድሁት ከዚያ የሚሰፋ ነው። የሚቆጠርንና የማይቆጠርን የመለየት ስሜት ለአማርኛ ተናጋሪ ባዕድ አይደለም፤ ሁለት ገንዘብ የሚል ሕፃን እናቱ ታርመዋለች።

4ኛ መልስ። በምድር ባቡር ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ የድሬዳዋው ከዚራ ሰፈር አባት ጻፉ። የባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው፤ ከተማዋም የተቆረቆረችው በእርሱ ምክንያት ነው፤ ፈረንሳይኛም አብሮ ገባ። እርሳቸው በወጣትነታቸው የሥራ ወረቀት ሲጽፉ የኖሩት በፈረንሳይኛ ነበር። ኋላ እንግሊዝኛ ሲማሩ ‹ኢንፎርሜሽንስ› እና ‹አድቫይስስ› ብለው እየጻፉ አስተማሪያቸው ያርማቸው ነበር። ምክንያቱን ያወቁት ዘግይተው ነው፤ በፈረንሳይኛ መረጃ ይቆጠራል፤ ምክርም፣ የቤት ዕቃም ይቆጠራሉ፤ ሦስቱም የብዙ ቁጥር ምልክት ይቀበላሉ።

በዚህ መልስ ላይ ቆም እላለሁ፤ ክሩን ስከፍት በልቤ የነበረውን ነገር እኔ ካልሁት በተሻለ የገለጹት እኚህ አባት ናቸውና። የፈረንሳይ ወንበርና የእንግሊዝ ወንበር አንድ ዓይነት ናቸው፤ የሁለቱም አገር ሰው ወንበሩን መቁጠር ይችላል። ልዩነቱ ያለው በዕቃው ሳይሆን ቋንቋው ቃሉን በያዘበት አያያዝ ነው። ተማሪው ‹ፈርኒቸር› ለምን አይቆጠርም ብሎ ወደ ወንበሩ ሲያይ መልሱን በማይገኝበት ቦታ እየፈለገ ነው። ‹ፈርኒቸር› የአንድ ዕቃ ስም አይደለም፤ ወንበሩንም አልጋውንም ቁም ሳጥኑንም በአንድነት የሚይዝ የጅምላ ስም ነው።

5ኛ መልስ። ይህ መላሽ አልተስማማም፤ ድምፁም ጠንከር ያለ ነበር። ቋንቋ ያለ ሎጂክ አይሠራም፤ ውሃና አየር የማይቆጠሩት ስለማይነጣጠሉ ነው፤ ‹ፈርኒቸር› ከዚህ ውጪ መሆኑ የእንግሊዝኛው ጉድለት እንጂ የእኛ አለማወቅ አይደለም ባይ ነው። ለውሃ ያነሣው ምክንያት እውነት አለው። ጤፍና ሩዝ ግን ፍሬያቸው የሚነጣጠል ነው፤ ‹ራይስ› ይኸው የማይቆጠር ስም ሆኖ ይኖራል።

6ኛ መልስ። በሐረር ቡና ንግድ ያደገ ሰው ለ5ኛው በትሕትና መለሰ። ቡናን ማንም በፍሬ አይቆጥረውም፤ የሚቆጠረው መያዣው ወይም መስፈሪያው ነው። ፈረሱላ 17 ኪሎ፣ ኩንታል 100 ኪሎ ነው፤ ለውጭ ገበያ የሚላከው ደግሞ በ60 ኪሎ ጆንያ ታስሮ 320 ጆንያ በአንድ ኮንቴነር ይጫናል፤ ይህም 19.2 ቶን ነው። በእንግሊዝኛ ሰነድ ላይ ‹ኤስ› የሚወስደው ‹ባግ› ነው፤ ‹ኮፊ› እንዳለ ይቀመጣል። ምክር ለመቁጠር ‹ፒስ ኦፍ አድቫይስ›፣ ዳቦ ለመቁጠር ‹ሎፍ ኦፍ ብሬድ› የሚባለውም በዚሁ ሥርዓት ነው። ሁለት ስኒ ቡና፣ ሦስት ጣሳ እህል ስንል እኛም የምንሠራው ይህንኑ ነው ሲል ጨረሰ። ፈረሱላን ከሰዋስው ጋር አገናኝቶ የሚያስተምር መጽሐፍ ቢኖረን ተማሪዎቻችን ምን ያህል በቀለላቸው!

7ኛ መልስ። ታዲያ ካፌ ውስጥ ‹ቱ ኮፊስ› ሲባል የምንሰማው ስሕተት ነውን የሚል ጥያቄ።

8ኛ መልስ። የሐረሯ አስተማሪ ተመልሳ መጣች። ስሕተት አይደለም፤ እዚያ ላይ ‹ኮፊ› ማለት አንድ ስኒ ማለት ሆኗል፤ ስለ ቡና ዓይነቶች ሲወራም ‹ኮፊስ› ይባላል። ብዙ የእንግሊዝኛ ስሞች እንደ ትርጉማቸው ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ይሻገራሉ። ‹ሄር› በራስ ላይ ያለው ጠጉር ሲሆን አይቆጠርም፤ ወጥ ውስጥ የተገኘች አንዲት ጠጉር ግን ‹ኤ ሄር› ናት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ‹ኤክስፒሪየንስ›ን ያለ ገደብ የማይቆጠር ማለቴ ልክ እንዳልሆነ በጨዋ ቃል ነገረችኝ። ልምድ ሲሆን አይቆጠርም፤ ገጠመኝ ሲሆን ግን ይቆጠራል፤ ‹ኤክስፒሪየንስስ›ም ይባላል። እርማቷን ተቀብያለሁ። አማርኛ ለሁለቱ ሁለት ቃል መስጠቱ ለማስተማር እንዴት እንደሚመች እያሰብሁም ነው።

9ኛ መልስ። በድሬዳዋው መጋላ ሰፈር ተወልዶ በብዙ ቋንቋ መካከል ያደገ ወጣት ስለ ቁጥር ጻፈ። በአማርኛ ቁጥሩ ከተጠራ ስሙ ነጠላ ሆኖ ሊቀር ይችላል፤ ሁለት ሰው፣ አምስት መጽሐፍ እንላለን። በኦሮምኛም ‹ነመ ለመ› ሲባል ሰው የሚለው ቃል ነጠላ እንደሆነ ነው፤ ዐረብኛ ደግሞ ከ3 እስከ 10 ብዙ ቁጥርን ይጠቀምና ከ11 ወዲያ ወደ ነጠላ ይመለሳል። ስለዚህ የድሬዳዋ ልጅ ‹ፋይቭ ቡክ› ብሎ ሲጽፍ ሰነፍ ተብሎ መቀጣት የለበትም፤ አምስት ካለ ብዙነቱ ተነግሯል ብሎ ያስባልና። በጣም እውነት ነው። የእንግሊዝኛው ‹ኤስ› ለእኛ ጆሮ የተነገረን ነገር ድጋሚ መንገር ነው፤ ተማሪው ይህን ሲያውቅ ይዘነጋል እንጂ አይደናገርም።

10ኛ መልስ። እዚህ ላይ ክሩ ከመንገዱ ወጣ። አንድ ሰው በገዛ ቋንቋችን መምህራኖችና ቃላቶች እያልን የእንግሊዝኛ ‹ኤስ› ያስጨንቀናል ሲል ወቀሰ። መምህራንም ቃላትም ከግእዝ የመጡ፣ በራሳቸው ብዙ ቁጥር የሆኑ ቃላት ናቸው፤ ‹ኦች› ሲጨመርባቸው ብዙ በብዙ ላይ ይደረባል። ከጉዳያችን የራቀ ቢመስልም ‹ችልድረንስ› ብሎ የሚጽፍ ተማሪ የሚሠራው ይህንኑ ነው።

11ኛ መልስ። እንግዲህ ሁሉም ወደ እንግሊዝኛው ይመለስ፤ ‹ችልድረንስ› ስሕተት እንደሆነ ሁሉ ‹ፒፕልስ›ም ሁልጊዜ ስሕተት ነው፤ ይህን የማያውቅ አስተማሪ ጠመኔውን ያስቀምጥ የሚል ቁጡ መልስ ነበር።

12ኛ መልስ። በሕግ ሥራ ላይ ያሉ ሰው በሁለት አንቀጽ መለሱለት። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት የአማርኛ መግቢያው ብሔሮች፣ ብሔረሰቦች፣ ሕዝቦች ብሎ ሲጀምር የእንግሊዝኛው ትርጉም ‹ፒፕልስ› ይላል፤ ያውም በትክክል። ‹ፒፕል› ሰዎች ማለት ሲሆን ራሱ ብዙ ቁጥር ስለሆነ ‹ኤስ› አይጨመርበትም፤ ሕዝብ ማለት ሲሆን ግን አንድ ሕዝብ ‹ኤ ፒፕል›፣ ብዙ ሕዝቦች ‹ፒፕልስ› ይሆናሉ። 11ኛው መላሽ ከዚህ በኋላ አልተመለሰም።

13ኛ መልስ። ሁለቱም ያነሰ ማለት ቢሆኑም ‹ለስ› ለማይቆጠር፣ ‹ፊወር› ለሚቆጠር ነው፤ ከዚህ የወጣ ሁሉ መሃይምነት ነው የሚል ነበር።

14ኛ መልስ። ይህኛው መላሽ የቋንቋ ታሪክ ያነበበ መሆኑ ያስታውቃል። በእንግሊዝ አገር ንጉሥ አልፍሬድ በ9ኛው መቶ ዓመት በጻፈው ውስጥ ሳይቀር ‹ለስ› ከሚቆጠር ነገር ጋር ይገኛል። ‹ፊወር› ለሚቆጠር ይሻላል የሚለው ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1770 ሮበርት ቤከር የተባለ ጸሐፊ እንደ ግል ምርጫው ያቀረበው ነበር፤ ኋላ በሌሎች እጅ ደንብ ሆነ። ደንቡን የሚያጠብቁትም ቢሆኑ ርቀት፣ ጊዜና ገንዘብ ላይ ‹ለስ› ነው የሚሉት። ከድሬዳዋ ሐረር ከ60 ኪሎ ሜትር ያንሳል ለማለት ‹ለስ ዛን ሲክስቲ ኪሎሜትርስ› ነው፤ መንገዱ እንደ አንድ ልክ ይታያልና። እኔ በፈተና ላይ ተማሪዎቼ ደንቡን እንዲከተሉ እመክራለሁ፤ መሃይምነት የሚለው ቃል ግን ለዚህ አይገባም።

15ኛ መልስ። በዚህ ሰዓት ነገሩ ከረረ። አንድ ተሳታፊ እኔን በስም ሳይሆን በሙያዬ ነካኝ። ልጆቹ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱን ሁሉ በእንግሊዝኛ እየተማሩ አንድ ማመልከቻ መጻፍ ካልቻሉ ጥፋቱ የ‹ኤ› ሳይሆን የአስተማሪው ነው፤ አንተም ተማሪህን አበላሽተህ እዚህ መጥተህ ታማክረናለህ አለ። ቃሉ አሳምሞኛል። ከፊሉ ግን ትክክል ነው፤ መክፈቻዬ ላይም ያስተማርኋት እኔ መሆኔን የጻፍሁት ለዚህ ነበር።

16ኛ መልስ። ከሌላ ከተማ የሚጽፉ ሰው ተቆጥተው መምህርን አንተ ማለት ነውር ነው አሉ።

17ኛ መልስ። የድሬ ልጅ መለሰላቸው። እዚህ አንተና አንቺ መባባል የመናናቅ ሳይሆን የመቀራረብ ነው፤ ትልቅም ትንሽም ይባላል፤ ወቀሳው በሐሳቡ ላይ ይሁን እንጂ በአንተ ላይ አይሁን። በዚያው አያይዞ የእንግሊዝኛው ‹ዩ› ራሱ ቀድሞ የብዙ ቁጥርና የአክብሮት ቃል እንደነበረ፣ ነጠላው ‹ዛው› ስለተረሳ ዛሬ ለሁሉም አንድ እንደሆነ አስታወሰን። ለእኔም አንተ መባሉ አላስከፋኝም።

18ኛ መልስ። የመድረኩ አወያይ ስለ ሰው ሳይሆን ስለ ሰዋስው እንድንጽፍ አሳሰቡ።

19ኛ መልስ። የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን ለፈተና የሚያዘጋጅ ሰው ያጋጠሙትን ስሕተቶች ይዞ መጣ። ‹ዋን ኦፍ ማይ ፍሬንድ› የሚሉት አንዱ ጓደኛዬ ከሚለው ስለሚነሡ ነው፤ ከጓደኞቼ አንዱ ከሚለው እንዲነሡ ሲያደርጋቸው ‹ፍሬንድስ› ራሱ ይመጣል። ‹ኤቭሪ ስቱደንትስ› የሚሉትን እያንዳንዱ ተማሪዎች ትላላችሁ ወይ ብሎ ይጠይቃቸዋል፤ እንደማይሉ ሲሰሙት ይታረማሉ። ‹ኤ ነምበር ኦፍ ስቱደንትስ› በርካታ ተማሪዎች ማለት ስለሆነ ግሡ ብዙ ይሆናል፤ ‹ዘ ነምበር ኦፍ ስቱደንትስ› የተማሪዎቹ ቁጥር ማለት ስለሆነ ግሡ ነጠላ ነው። ለሰው ‹አማውንት› ሳይሆን ‹ነምበር› እንዲሉም ያሳስባል። ‹አይ ሃቭ ማች መኒ› በሰዋስው ባይነቀፍም በተለመደው ንግግር ለጆሮ እንደማይጥም፣ ‹ማች› ይበልጥ በጥያቄና በአሉታ ውስጥ እንደሚኖር፣ በአዎንታ ‹ኤ ሎት ኦፍ› እንደሚሻል አከለ። ይህኛው ለሚቆጠርም ለማይቆጠርም ስለሚሆን ከእኛው ‹ብዙ› ጋር የሚስማማው እርሱ ነው። ከሁሉም መልሶች ለክፍል ሥራ የሚጠቅመኝ ይህ ነው፤ ገልብጬ ይዤዋለሁ።

20ኛ መልስ። ነጋዴው ተመልሶ ‹ኦንሊ› ከፊቱ ሲመጣ ምን እንደሚሆን ጠየቀ። መልሱን የሰጠሁት እኔ ነኝ፦ ብቻ ስንል ማነሱን ብንናገርም እንግሊዝኛ በ‹ኦንሊ› ጊዜ ‹ኤ›ን አይተውም፤ ‹ኦንሊ ኤ ፊው›፣ ‹ኦንሊ ኤ ሊትል› ነው። ‹ቬሪ› ሲመጣ ግን ‹ኤ› ይወጣል፤ ‹ቬሪ ፊው›፣ ‹ቬሪ ሊትል› ይባላል።

21ኛ መልስ። የመጨረሻው የተማሪዬ ነው። ክሩን ከላይ እስከ ታች አንብባ ደብዳቤዋን እንደገና ጽፋለች። የጎደለውን ‹ኤ› እንደምታስገባ ጠብቄ ነበር፤ እርሷ ግን ‹ሊትል›ን ጨርሶ አወጣችው። በቦታው ያስገባችው ‹ኤይት መንዝስ ኦፍ ኤክስፒሪየንስ› የሚል ነው። ወሩ ‹ኤስ› ወስዷል፤ ልምዱ እንዳለ ተቀምጧል። ሰኞ ጠዋት ለሌላ ድርጅት እንደምታስገባው ጽፋልናለች።